በደጋ አገር የውሃ መለኪያ ፕሮብ እንዴት ይታመናል?

ደብረ ማርቆስ ላይ ለወረዳ የውሃ ጥራት ባለሙያዎችና ለኬሚስትሪ ተማሪዎች ከተደረገ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ሆኖ የተጻፈ።

እንደምን አደራችሁ! ከቢቸና፣ ከሞጣ፣ ከደምበጫ፣ ከፍኖተ ሰላም ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታችሁ የመጣችሁ አላችሁ። እግዜር ይስጥልኝ። ፕሮባችሁን፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚነከረውን መለኪያችሁን፣ ይዛችሁ ኑ ተብላችሁ ነበር። ይዛችሁ እንደመጣችሁም እያየሁ ነው። ወሬው ሲያልቅ እንሠራባቸዋለን።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት አንድ ነገር ነው። ከመሣሪያው ጋር በካርቶን የመጣው መመሪያ የተጻፈው ለ25 ዲግሪ ሙቀትና ለባሕር ጠለል የአየር ግፊት ነው። እኛ የምንሠራው እዚያ አይደለም። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ ናት። ደብረ ማርቆስ 2,400 ታልፋለች። ጮቄ ጫፉ 4,000 ሜትር ይሻገራል። ከጮቄ ሥር የሚፈልቅ ምንጭ በጠዋት ሲለካ 25 ዲግሪ እንደማይሆን እጃችሁን የነከራችሁ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ቁልፍ ተጭኖ መሣሪያው «ተሳክቷል» እስኪል መጠበቅ አይበቃንም። ውስጡ ምን እየሠራ እንደሆነ ማወቅ ግድ ይለናል።

ነገሩ ለምን እንደሚያሳስበኝ በክሎሪን ላስረዳ። ክሎሪን ውሃ ውስጥ ሲገባ በሁለት መልክ ይገኛል። አንዱ ሃይፖክሎረስ አሲድ ነው። ጀርሙን በዋናነት የሚገድለው እሱ ነው። ሌላው ሃይፖክሎራይት ነው፤ ጉልበቱ በጣም ደካማ ነው። የሁለቱን ድርሻ የሚወስነው ፒኤች፣ የውሃው አሲድነት መለኪያ ቁጥር፣ ነው። ፒኤች 7 ላይ ሦስት አራተኛ ያህሉ ብርቱው ነው። 8 ሲደርስ ብርቱው ወደ ሩብ ይወርዳል። 8.5 ላይ አንድ አሥረኛ ብቻ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ30 ደቂቃ ቆይታ በኋላ ቢያንስ 0.5 ሚሊ ግራም በሊትር ነፃ ክሎሪን ይኑር ሲል፣ ፒኤቹ ከ8 በታች ሲሆን ብሎ ነው።

አሁን አስቡት። ሳይስተካከል የከረመ ፕሮብ 7.2 ይላል። ውሃው ግን 8 ነው። ኦፕሬተሩ ከክሎሪኑ ሁለት ሦስተኛው እየሠራ ነው ብሎ ያምናል። የሚሠራው ሩቡ ነው። የክሎሪን መጠኑን በትክክል ቀምሮ፣ ሪፖርቱን ሞልቶ፣ ፈርሞ ይልካል። ቦኖ ውሃ ላይ ጀሪካን ይዛ የተሰለፈችው እናት ይህን በምን ታውቃለች? ልጇን ተቅማጥ ሲይዘው ነው የምታውቀው።

ከዚህ የባሰም አለ። የፒኤች ፕሮብ መስታወቱ ሲሰነጠቅ ወይም መሰኪያው እርጥበት ሲገባው ቮልቴጁ ዜሮ አካባቢ ይቆማል። ዜሮ ቮልቴጅ ማለት ደግሞ ለመሣሪያው ፒኤች 7 ነው። የትኛውም ውሃ ውስጥ ቢገባ 7 ይላል። ለመጠጥ ውሃ የሚፈቀደው ከ6.5 እስከ 8.5 ነው። እንግዲህ የሞተ ፕሮብ ሁልጊዜ ጥሩ ዜና ይናገራል ማለት ነው። ቁጥሩ ወጣ ያለ ቢሆን ኖሮ ሰው ይጠራጠር ነበር። 7.0 እያዩ የሚጠራጠር ግን ጥቂት ነው። እናንተ ከጥቂቶቹ ሁኑ። በጥር 7.0፣ በሚያዝያ 7.0፣ በነሐሴም 7.0 የተጻፈበት መዝገብ ካያችሁ መጀመሪያ ፕሮቡን መርምሩ።

ወደ ፒኤች ፕሮብ ጠጋ ብለን እንየው። ጫፉ ላይ ያለችው የመስታወት እንክብል እጅግ ስስ ናት። ላይዋ ላይ ውሃ የጠጣ ሽፋን አለ። የሃይድሮጅን አዮን ሥራውን የሚሠራው እዚያ ላይ ነው። ከእንክብሏ ውስጥ ባለው ፈሳሽና ውጭ ባለው ውሃ መካከል ልዩነት ሲኖር ቮልቴጅ ይፈጠራል። ከጎኗ ሌላ ኤሌክትሮድ አለ፤ በብርና በብር ክሎራይድ የተሠራ፣ በፖታሲየም ክሎራይድ ፈሳሽ የተሞላ። እሱ ሳይነቃነቅ ማነጻጸሪያ ይሆናል። መሣሪያው የሚያየው በሁለቱ መካከል ያለውን ሚሊቮልት ብቻ ነው። ሚሊቮልቱ ስንት ፒኤች እንደሆነ የምናስተምረው እኛ ነን፤ የምናስተምረውም ፒኤቹ አስቀድሞ በታወቀ ፈሳሽ፣ በባፈር፣ ነው።

በ25 ዲግሪ ፒኤች በአንድ ሲቀየር ቮልቴጁ በ59.16 ሚሊቮልት ይቀየራል። ይህን ስሌት የሰጠን ጀርመናዊው ዋልተር ኔርንስት ነው። በ15 ዲግሪ ግን 57.2 ሚሊቮልት ነው የሚሆነው። በ10 ዲግሪ 56.2። ፕሮቡ ላይ ያለው የሙቀት ማካካሻ፣ ኤቲሲ የምትሉት፣ የሚያስተካክለው ይህንን ብቻ ነው። ብዙ ሰው ኤቲሲ ሁሉንም ነገር ያስተካክላል ብሎ ያስባል። አያስተካክልም። ባፈሩ ራሱ በሙቀት ይቀየራል። 7.00 ተብሎ የተሸጠው በ15 ዲግሪ 7.04 ነው። 10.01 የተባለው በ15 ዲግሪ 10.12 ይደርሳል፣ በ10 ዲግሪ ደግሞ 10.18። የ4ቱ ባፈር ብዙም አይንቀሳቀስም። ዘመናዊዎቹ መሣሪያዎች ይህን ሰንጠረዥ ውስጣቸው ይዘዋል። ቁጥሩን በእጅ የምታስገቡባቸው የቆዩት ግን አያውቁትም። እንጅባራ ላይ በሐምሌ ጠዋት፣ በቀዘቀዘ ክፍል ውስጥ፣ ቀዝቃዛ ባፈር ይዞ 10.01 ብሎ ማስገባት ገና ከጅምሩ አንድ አሥረኛ መሳት ነው። ሰንጠረዡ ጠርሙሱ ጎን ላይ ታትሟል። እሱን አንብባችሁ አስገቡ።

አሠራሩን ባጭሩ ልበል፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ባፈሩ፣ ፕሮቡና ክፍሉ አንድ ዓይነት ሙቀት ላይ እስኪደርሱ ጠብቁ። ከዋናው ጠርሙስ ትንሽ ባፈር ወደ ንጹህ ቢከር ቅዱ። ፕሮቡን ጠርሙሱ ውስጥ በፍጹም አትንከሩ፤ የተጠቀማችሁበትንም መልሳችሁ አትጨምሩ። በ7 ጀምሩ። ከዚያ እንደምትለኩት ውሃ ወደ 4 ወይም ወደ 10 ሂዱ። የምትለኩት ውሃ በሁለቱ ባፈሮች መካከል መውደቅ አለበት። ውሃችሁ 8 እየሆነ በ4 እና በ7 ብቻ ማስተካከል ሥራውን ግማሽ ላይ መተው ነው። በየመሃሉ በዲስቲልድ ውሃ እጠቡ። ስታደርቁ በሶፍት ነካ ነካ አድርጋችሁ ጠብታውን አንሡ እንጂ አትሹ። ማሸት እንክብሏን ይጭራታል፣ በላይዋም የኤሌክትሪክ ሙል ያሳድራል፤ ከዚያ ቁጥሩ አልረጋ ይላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህ ማስተካከል፣ ካሊብሬሽኑ፣ ሲያልቅ መሣሪያው ስሎፕ የሚባል ቁጥር ይሰጣችኋል፤ ፕሮቡ መስጠት ከነበረበት ሚሊቮልት ስንት ከመቶውን እንደሚሰጥ የሚናገር ነው። ብዙ ሰው አያየውም። ካልሰጣችሁ ራሳችሁ አስሉት፤ ቀላል ነው። መሣሪያውን ወደ ሚሊቮልት ቀይሩትና በባፈር 7 ውስጥ ስንት እንዳለ ጻፉ። −8 አለ እንበል። በባፈር 4 ውስጥ +164 አለ። ልዩነቱ 172 ነው። በ25 ዲግሪ መሆን የነበረበት 177 ያህል ነው። 172ን ለ177 ስታካፍሉ ወደ 97 ከመቶ ይመጣል። ይህ ጤነኛ ፕሮብ ነው። ከ95 በላይ ከሆነ ደስ ይበላችሁ። ወደ 90 ሲወርድ አጽዱት። ተጸድቶም ከ85 ካልዘለለ ዕድሜው አልቋል፤ አዲስ ይገዛ። በ7 ላይ የሚታየው ሚሊቮልት ደግሞ ከዜሮ ወዲህም ወዲያም ከ30 ባይርቅ ጥሩ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች በየጊዜው ስትጽፉ የፕሮባችሁን እርጅና ዓይናችሁ እያየ ትከታተሉታላችሁ። ስሎፕ በአንድ ቀን አይወድቅም። 98፣ 97፣ 95፣ 92 እያለ ይሄዳል። ግዢ የሚጠየቀው 92 ላይ ነው እንጂ ሞቶ ከተገኘ በኋላ አይደለም። ግዢ ስንት ወር እንደሚፈጅ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

ግዢ ካነሳሁ አንድ የሚቆጨኝ ነገር ልናገር። ፕሮጀክት ሲመጣ ውድ መሣሪያ ይገዛል፤ አምስት ስድስት ነገር በአንዴ የሚለካ። ባፈር የሚገዛበት ገንዘብ ግን በበጀቱ ውስጥ የለም። ዓመት ሳይሞላ መሣሪያው ሣጥኑ ውስጥ ይተኛል። ዕቅድ የምታወጡ ካላችሁ እለምናችኋለሁ፤ ባፈርና መለዋወጫ ፕሮብ ከመሣሪያው ጋር በአንድ ዝርዝር ይግቡ። ባፈር ስትገዙም በተቻለ መጠን በከረጢት የሚመጣውን ዱቄት ግዙ። ያልተከፈተ ዱቄት ለዓመታት ይቆያል። የተከፈተ ፈሳሽ ግን በተለይ የ10ሩ ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ በሳምንታት ውስጥ ይወርዳል። የ4ቱና የ7ቱ ሻጋታ ያበቅላሉ። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ስታዩ እንደ ጥጥ ብጣሽ የሚንሳፈፍ ነገር ካለ ድፉት።

አቀማመጡን በተመለከተ አንድ ነገር ከያዛችሁ ይበቃኛል፦ የፒኤች ፕሮብ መድረቅ የለበትም፣ በዲስቲልድ ውሃም መቀመጥ የለበትም። ዲስቲልድ ውሃ ንጹህ ስለሆነ ለፕሮቡ የሚጠቅም ይመስላል። ነገር ግን ከማነጻጸሪያው ውስጥ ጨዉን እየሳበ ያወጣዋል። ፕሮቡ የሚቀመጠው በ3 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ ነው። ሲጠፋባችሁ ራሳችሁ አዘጋጁት፦ 22.4 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ በዲስቲልድ ውሃ አሟሙታችሁ 100 ሚሊ ሊትር ድረስ ሙሉት። እሱም ከሌለ ባፈር 4 ይሁን። ክዳኑን ስትከፍቱ ከጎንና ከጎን ነጭ የጨው ቅርፊት ታያላችሁ። ጣታችሁን ብትነኩት ይንኮሻኮሻል። አይዟችሁ፣ አልተበላሸም። ፈሳሹ ሾልኮ ውሃው ተኖ ጨዉ የቀረ ነው። በውሃ አጥባችሁ ቀጥሉ። ክዳኑ ውስጥ ፈሳሽ ጨርሶ ከሌለና እንክብሏ ደርቃ ከተገኘች ግን ሌሊቱን ፖታሲየም ክሎራይድ ውስጥ አሳድሯት። ብዙ ጊዜ ትነሣለች።

ጽዳቱ እንደ ቆሻሻው ዓይነት ነው። ቅባት ከሆነ ለብ ያለ ውሃና ትንሽ ላርጎ። ነጭ የኖራ ዓይነት ቅርፊት ከሆነ አቼቶ ወይም 0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ለ15 ደቂቃ። አረንጓዴ አተላ የያዘው ከሆነ የቀጠነ በረኪና ይሠራል። በረኪናና አሲድ ግን በፍጹም አንድ ላይ እንዳይገናኙ። ከሁለቱ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። በአንዱና በሌላው መካከል በብዙ ውሃ ይታጠብ። ከጽዳት በኋላ ፕሮቡ ፖታሲየም ክሎራይድ ውስጥ ይቆይና እንደገና ካሊብሬት ይደረግ።

ኮንዳክቲቪቲ (ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ) ላይ አልቆይም፤ የፕሮቡ ጠባይ ቀና ነው። ደርቆ መቀመጥ ይችላል። ዋናው ጠላቱ የአየር አረፋ ነው። ውሃ ውስጥ ስትከቱት ወዝወዝ አድርጋችሁ አረፋውን አስወጡ። ጤፍ ሲመዘን ገዢው መጀመሪያ ሚዛኑ ባዶውን ዜሮ ላይ መቆሙን ያያል። እናንተም ፕሮቡን አድርቃችሁ አየር ላይ ያዙት፤ ዜሮ ማለት አለበት። ከዚያ ወደ ስታንዳርድ፣ ኮንዳክቲቪቲው ወደሚታወቅ ፈሳሽ። የተለመደው 1,413 ማይክሮሲመንስ ነው። ይህም ቢሆን በ25 ዲግሪ ብቻ ነው 1,413 የሚሆነው። በ20 ዲግሪ 1,278፣ በ15 ዲግሪ 1,147 ነው። በአንድ ዲግሪ ሁለት ከመቶ ያህል ይቀየራል። መሣሪያችሁ ወደ 25 ዲግሪ መልሶ የሚያሰላ መሆኑን አረጋግጡ። ካልሆነ የጠዋቱና የቀትሩ ልኬት ሁለት የተለያየ ውሃ ይመስላል። ደግሞም ጣናም ሆነ የደጋ ምንጮቻችን ጨዋቸው ትንሽ ነው። ለጨዋማ ውሃ በሚያገለግለው በ12.88 ሚሊሲመንስ አስተካክሎ ጣናን መለካት አይሆንም። ከምትለኩት ውሃ ጋር የሚቀራረብ ስታንዳርድ ምረጡ። ባለ 84 ማይክሮሲመንሱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከፕሮቡ ላይ የቀረ ጠብታ በቀላሉ ያበላሸዋል።

ጨው ያነሰበት ውሃ የፒኤች ፕሮብንም ያስቸግራል። ቁጥሩ ቀስ እያለ ነው የሚረጋው። 6.9፣ 6.8፣ ትንሽ ቆይቶ 6.7 ይላል። ቸኩላችሁ 6.9ን እንዳትጽፉ። ውሃውን በቀስታ እያማሰላችሁ ታገሱት። እዚያው ምንጩ አጠገብ ለኩት እንጂ በጠርሙስ ይዛችሁ ወደ ከተማ አትምጡ። ከመሬት የወጣ ውሃ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ይወጣል። አየር ሲያገኝ ያንን ይለቃል፣ ፒኤቹም ከፍ ይላል። ከሰከላ በመኪና ባሕር ዳር ላብራቶሪ የደረሰ ናሙና የሰከላን ፒኤች አይናገርም። ግሽ ዓባይ ላይ ደግሞ ውሃው ለሕዝቡ ጠበል ነው። አባቶችን አስፈቅዱ። በንጹህ ዕቃ ተቀድቶላችሁ ከጠበሉ ራቅ ብላችሁ ለኩ። ፕሮብ ጠበሉ ውስጥ አይነከርም።

አሁን ወደ ኦክስጅን። ከፍታችን አብዝቶ የሚጎዳን እዚህ ላይ ነው። ውሃ ከአየር የሚወስደው ኦክስጅን በአየሩ ግፊት ይወሰናል። በ20 ዲግሪ፣ ባሕር ጠለል ላይ፣ በአየር የጠገበ ንጹህ ውሃ 9.1 ሚሊ ግራም በሊትር ይይዛል። ባሕር ዳር ላይ ያው ውሃ በያው ሙቀት የሚይዘው 7.3 ያህል ነው። እዚህ ደብረ ማርቆስ ደግሞ 6.7 ያህል። ውሃው አልቆሸሸም፤ አየሩ ነው የሳሳው።

ከዚህ ሁለት ዓይነት ስሕተት ይመጣል። አንዱ ከመጽሐፍ ላይ 9.1ን አይቶ፣ የራሱን 6.7 አይቶ፣ «ወንዙ ሩብ ኦክስጅኑን አጥቷል፣ ተበክሏል» ብሎ መጻፍ ነው። ወንዙ ግን የሚችለውን ሁሉ ይዟል። ሁለተኛው ስሕተት የበለጠ ያስፈራኛል። መሣሪያው ካሊብሬት ሲደረግ የአየር ግፊት ይጠይቃል። ሰውየው ስልኩን አውጥቶ የአየር ሁኔታ አፑን ያያል። አፑ 1,015 ሄክቶፓስካል ይለዋል። ያንን ያስገባል። አፑ ላይ ያለው ግን ወደ ባሕር ጠለል ተመልሶ የተሰላ ግፊት ነው። ባሕር ዳር ላይ በእርግጥ ያለው የዚያ 80 ከመቶ ያህል ነው። ከዚያ በኋላ መሣሪያው ሁሉንም ነገር በሩብ ያህል ከፍ አድርጎ ያነባል። እውነተኛው 4 የሆነ ውሃ 5 ሆኖ ይታያል። ለቆሮሶና ለሌላው ዓሣ በ4 እና በ5 መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። የዓሣ ኩሬ ያለው ገበሬ በእናንተ ቁጥር ተማምኖ ነው የሚተኛው። እንግዲህ መሣሪያችሁ ውስጡ ባሮሜትር ካለው የሚያሳየውን ቁጥር እዩት፤ ባሕር ዳር ላይ ከ1,000 በላይ ካለ ተሳስቷል። ባሮሜትር ከሌለው ከፍታውን አስገቡ። የመሣሪያው መመሪያ የከፍታና የግፊት ሰንጠረዥ አለው።

ካሊብሬሽኑ የሚደረገው ውሃ በጠገበ አየር ውስጥ ነው። የፕሮቡ ክዳን ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ አድርጉ። ፕሮቡ ስፖንጁን አይንካ፣ ጫፉ ላይ ባለው ስስ ሽፋን፣ በሜምብሬኑ፣ ላይም ጠብታ አይኑር። ላላ አድርጋችሁ ዝጉት፤ አጥብቃችሁ ከዘጋችሁት ውስጡ ያለው ግፊት ይዛባል። ጥላ ውስጥ አሥር ደቂቃ ያህል ይቆይ። ከፒካፕ ኮፈን ላይ ፀሐይ ውስጥ አስቀምጦ ካሊብሬት ማድረግን ተዉት፤ አንዱ ጎን ይግላል፣ ሌላው ይቀዘቅዛል።

ባለ ሜምብሬኑ የቆየው ዓይነት ኦክስጅኑን እየበላ ነው የሚለካው። ስለዚህ ውሃው ሲቆም ቁጥሩ ይወርዳል። የሚፈስ ውሃ ውስጥ ያዙት ወይም አማስሉት። ሜምብሬኑ ሥር አረፋ ካያችሁ፣ የተሸበሸበ ከሆነ፣ ፈሳሹን ለውጣችሁ አዲስ ሜምብሬን ግጠሙ። በብርሃን የሚሠራው አዲሱ ዓይነት ኦክስጅን አይበላም፣ ማማሰል ብዙም አይፈልግም። ነገር ግን ቆቡ ያረጃል፤ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ይለወጣል። አልኮል አታስነኩት። ሁለቱንም ዓይነት ዜሮ ላይ ለመፈተን ሶዲየም ሰልፋይት ውሃ ውስጥ አሟሙታችሁ ፕሮቡን ክተቱ። ኦክስጅኑ ያልቃል፤ ቁጥሩም ወደ ዜሮ መውረድ አለበት። ሲጨርስ በደንብ ይታጠብ።

ጣና ላይ ለምትሠሩ ደግሞ ሰዓት ጻፉ። ከቀትር በኋላ አልጌው ፀሐይ ጠጥቶ ኦክስጅኑንም ፒኤቹንም ከፍ ያደርጋል። ሊነጋጋ ሲል ሁለቱም ይወርዳሉ። እምቦጭ ጥቅጥቅ ብሎ የሸፈነው ቦታ ሥር ብርሃንም አየርም ስለማይደርስ ኦክስጅኑ ይበልጥ ይቀንሳል። ከጠዋቱ 12 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት የተወሰዱ ቁጥሮች ሰዓታቸው ሳይጻፍ ቢነጻጸሩ ሐይቁ በአንድ ሳምንት ዳነ ወይም ታመመ ያሰኛሉ።

ድፍርስነትን በአጭሩ። በክረምት ግልገል ዓባይ ምን እንደሚመስል አይታችኋል። እሱን ለመለካት ጥንቃቄ ብዙም አያስፈልግም፤ ድፍርስ መሆኑን ዓይን ይናገራል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከማጣሪያው በወጣው ውሃ ላይ ነው። እዚያ የምንፈልገው ከ1 ኤንቲዩ (የድፍርስነት መለኪያ አሃድ) በታች ነውና የጣት አሻራ እንኳ ያሳስታል። ቀዝቃዛ ውሃ የሞላችሁበት ብልቃጥ ሞቃት ክፍል ውስጥ ላቡ ይወጣል። ያ ጤዛ ብርሃኑን ይበትንና ንጹሁን ውሃ ድፍርስ ያደርገዋል። ጠርጋችሁ፣ ውሃው ለብ እስኪል ጠብቃችሁ ለኩ። የተጫረ ብልቃጥ ይጣል።

የሙቀት መለኪያውን ማንም አይፈትሽም። ግን እስካሁን ያወራነው ሁሉ በእሱ ላይ የቆመ ነው። የተፈጨ በረዶ በውሃ አድርጋችሁ አማስሉና ፕሮቡን ክተቱ፤ ዜሮ ማለት አለበት። በፈላ ውሃ ግን አትፈትኑት። እዚህ ደብረ ማርቆስ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። 100 አላለም ብላችሁ ጤነኛ ቴርሞሜትር ትጥላላችሁ፤ ፕሮቡም በሙቀቱ ይጎዳል።

መዝገቡን ቀላል አድርጉት። ቀንና ሰዓት፣ የባፈሩ የመከፈቻ ቀን፣ ሙቀቱ፣ በ7 ላይ የታየው ሚሊቮልት፣ ስሎፑ፣ የሠራው ሰው ስም። አንድ መስመር ይበቃል። ፒኤች ለመለካት በወጣችሁበት ቀን ሁሉ ይሞላ። የሥራ ቦታ ስትለዋወጡም መዝገቡ ከመሣሪያው ጋር ይቅር።

ከተነሡት ጥያቄዎች ሁለቱን ልጻፍ። አንድ የፓምፕ ቤት ኦፕሬተር እጃቸውን አውጥተው፣ «ልጄ፣ እኛ ዘንድ ዲስቲልድ ውሃ የለም። ከጋራዥ የባትሪ ውሃ እንገዛለን። ይሆናል?» አሉ።

ጋሼ፣ ይሆናል፤ ግን ፈትሸው ነው። በባትሪ ውሃ ስም አሲድም ይሸጣልና መጀመሪያ የተጻፈበትን ያንብቡ። አሲድ ከሆነ አይንኩት። ውሃ ከሆነ በተስተካከለ ኮንዳክቲቪቲ ሜትር ይለኩት። ከ5 ማይክሮሲመንስ ካልበለጠ ለባፈር ማሟሚያም ይሆናል። 20 ወይም 30 ካለ ፕሮብ ለማጠብ ይጠቀሙበት እንጂ ባፈር አይበጥብጡበት። ክረምት ላይ ዝናቡ አየሩን ካጠበ በኋላ በንጹህ ፕላስቲክ በቀጥታ ከሰማይ የተጠራቀመ ውሃም ለማጠቢያ ይሆናል። እሱንም ይለኩት።

አንዲት የላብራቶሪ ባለሙያ ደግሞ፣ «ባፈር ካለቀ ሦስት ወር ሆኖናል። ሪፖርት ግን በየወሩ ይጠየቃል። ምን እናድርግ?» አለች።

እህቴ፣ ቁጥሩን ከጻፍሽው አጠገቡ «ካሊብሬት አልተደረገም» ብለሽ ጻፊ። አለቃሽ ቢቆጣም ጻፊው። ያ ጽሑፍ ባፈር ለማስገዛት ከማመልከቻ የበለጠ ይረዳሻል። ለኮንዳክቲቪቲ ግን መጠበቅ የለብሽም። ትክክለኛ ሚዛን ያለው ላብራቶሪ ሄደሽ፣ በ105 ዲግሪ የደረቀ ፖታሲየም ክሎራይድ 0.7456 ግራም አስመዝኚ። በዲስቲልድ ውሃ አንድ ሊትር አድርጊው። ያ በ25 ዲግሪ 1,413 ነው። አጥብቀሽ ከድነሽ አስቀምጪው፤ ለጎረቤት ወረዳም አካፍይ።

አሁን ሻይ መጥቷል። ጠረጴዛው ላይ የ4፣ የ7 እና የ10 ባፈር ተቀድቶ ተቀምጧል፤ ቴርሞሜትሩም አጠገቡ ነው። ፕሮባችሁን ይዛችሁ በየተራ ኑ፣ ሚሊቮልታችሁን ጻፉና ስሎፑን አብረን እናስላ።